የላፕቶፔን ሕጋዊ ዊንዶውስ መልሶ ላስገኘልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ባለፈው ሐምሌ ወር ነበር። ሆኖም ሥራው መዝለቁን ሳላረጋግጥ ሰው ለሰው መጠቆም ስላልፈለግሁ እስከ ታኅሣሥ ጠብቄ ዛሬ ጻፍሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። የደንበኞቼ መዝገብ በሙሉ የሚገኘው እህቴ ከዱባይ ባመጣችልኝ፣ ከፋብሪካው ዊንዶውስ 10 ፕሮ ተጭኖበት በመጣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ጠዋት ከፍቼው ሻይ አፍልቼ ስመለስ ገና እየተነሣ ስለሚጠብቀኝ፣ ጥር 2017 ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ (ፈጣን በሆነ የዲስክ ዓይነት) ለማስቀየር ወደ አንድ ሱቅ ወሰድሁት። ፎርማት አድርገው ሁሉንም እንደ አዲስ ሊጭኑልኝ ፈልገው ነበር። እኔ ግን የሒሳብ ፕሮግራሙን የፒችትሪን፣ የአማርኛ መጻፊያውን የፓወር ግዕዝንና የፕሪንተሩን ነገር አስቤ እንቢ ስላልሁ ክሎን አደረጉት፤ ማለትም የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጡት። እውነቱን ለመናገር ክሎኑ በደንብ ተሠርቷል፤ አንድም ፋይል አልጎደለም። ችግሩ ዊንዶውሱ አክቲቬት አለመሆኑን (ፈቃዱ አለመረጋገጡን) የሚገልጽ መልእክት በመምጣቱ ነበር። የሱቁ ሠራተኛ ምንም ሳይጠይቀኝ ፍላሽ ሰካ፣ ጥቂት ነካካና «ኦሪጅናል አድርጌልዎታለሁ» ብሎ ለዚያው ብቻ 1,500 ብር አስከፈለኝ።

ሐምሌ ሲገባ፣ የግብር ማሳወቂያው ሩጫ መሀል ላይ፣ የዊንዶውስ ፈቃዴ በቅርቡ እንደሚያበቃ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በየሰዓቱ ይወጣብኝ ጀመር። ወደ ሱቁ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ «ፎርማት ተደርጎ አዲስ ላይሰንስ ይገዛ» የሚል ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው አንድ የሙያ ባልደረባዬ መገናኛ አካባቢ ወደሚሠራው ወጣት ባለሙያ የላከኝ።

ወጣቱ ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቀይሮ ያውቃል?» ሲል ስለ ላፕቶፑ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጠየቀኝ። እንደማያውቅ ስነግረው «እንግዲያው ፈቃድዎ የትም አልሄደም» አለኝ። የዊንዶውስ ፈቃድ በዋነኛነት የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር እንጂ ከዲስኩ ጋር አይደለም፤ ስለዚህ ዲስክ በመቀየር ብቻ ፈቃድ አይጠፋም። እኔ ላፕቶፑን ገልብጬ ቁጥር የተጻፈበት ስቲከር ስፈልግ አይቶ ፈገግ አለና፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አምራቾቹ ባለ 25 ፊደልና አኃዝ ቁልፉን ስቲከር ላይ ማተም ትተው ማዘርቦርዱ ላይ በሚገኘው የባዮስ (የኮምፒውተሩ ማስነሻ ፕሮግራም) ማኅደር ውስጥ እንደሚያስቀምጡት አስረዳኝ።

ከዚያ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አንድ አጭር ትእዛዝ ጻፈ፤ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። የእኔ ዊንዶውስ በድርጅት ፈቃድ ሥር አክቲቬት እንደሆነና ሐምሌ 8 ቀን ላይ እንደሚያበቃ ትናገራለች። እንዲህ ያለው ፈቃድ ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው መሥሪያ ቤቶች የሚሰጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር እየደጋገመ ካላደሰው በ180 ቀን የሚቃጠል ነው። 180 ቀን በእኛ አቆጣጠር ድፍን ስድስት ወር ነው፤ ሱቁ የሠራልኝ ደግሞ ጥር 8 ቀን ነበር። የማላውቀው መሥሪያ ቤት ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስድስት ወር ሙሉ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

የደነገጥሁት ግን ቀጥሎ ባሳየኝ ነገር ነው። ሱቁ በፍላሽ ያስገባው አክቲቬተር፣ ማለትም ዊንዶውሱን ያለ ሕጋዊ ቁልፍ አክቲቬት የሚያደርገው ፕሮግራም፣ እንዲሠራ ሲባል የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ አንድን ፎልደር ጭራሽ እንዳይፈትሽ ታዝዞ ነበር። የሰው ገቢና ወጪ በያዘ ማሽን ላይ ይህን ያህል ጊዜ በር ተከፍቶ ማደሩን ሳውቅ ላብ አሰመጠኝ። ባለሙያው ፎልደሩን ከነይዘቱ አጠፋ፣ ትእዛዙን ሰረዘ፣ ማሽኑን በሙሉ ፈተሸ፤ ለጥንቃቄ የይለፍ ቃሎቼን በሌላ መሣሪያ እንድቀይርም መከረኝ። ቀጥሎ የሐሰቱን ቁልፍ አንሥቶ ከባዮሱ ያወጣውን የራሴን ቁልፍ አስገባ። የወጣቱ ሱቅ ዋይፋይ ተቋርጦ ስለነበር በራሱ ስልክ ዳታ ከኢንተርኔት አገናኘው። ያችው ሳጥን ስትመለስ ማሽኑ በቋሚነት አክቲቬት መሆኑን ገለጸች። የመጀመሪያው ሱቅም ክሎኑን እንደጨረሰ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አገናኝቶ ጥቂት ቢታገሥ ኖሮ ዊንዶውሱ ራሱን ሊያረጋግጥ ይችል እንደነበር ነገረኝ።

ሥራው 40 ደቂቃ ያህል ወሰደ። የከፈልሁት 500 ብር ሲሆን ሳልጠይቀው ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝ፤ በእኔ ሙያ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማይሆነውንም አልደበቀኝም፤ ማዘርቦርዱ አንድ ቀን ቢቃጠል ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ይህ ፈቃድ ወደ ሌላ ማሽን እንደማይዛወር በግልጽ ነግሮኛል። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እንደሚያቆም ያሳሰበኝም እሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ስለነበር ጥቅምት ላይ ያለ ተጨማሪ ግዢ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጎልኛል። ፈቃዱም አብሮ ተሻግሮ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ዲስክ ለማስቀየር ላሰባችሁ ከእሱ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ከክሎኑ በፊት በሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ዊንዶውሱ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት መሆኑን አረጋግጡና የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ጨምሩበት። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ካለ ባለ 48 አኃዙን የመመለሻ ቁልፍ ከማሽኑ ውጪ አስቀምጡ። አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ አዲሱ ብቻውን መነሣቱ ሳይታይም ከሱቁ አትውጡ።

ጉድለቱንም ልናገር፤ ስልክ ቶሎ አያነሣም፣ ወረፋውም ረጅም ነው፤ እኔ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ አክብሬለታለሁ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ያዙ፤ ከተቻለም ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ድረስ ይሞላል።