ክፍት፣ በካሜራ ወይስ በሮቦት? የደረት ቀዶ ሕክምና ከመምረጣችሁ በፊት

የሳንባ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አንድ አባባ ነበሩ። በዋዜማው ምሽት ሸሚዛቸውን ገልጠው ጎናቸውን አሳዩኝና፣ «ሲስተር፣ የት ጋ ነው የሚቀዱኝ?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። ከብብታቸው ዝቅ ብሎ፣ አራት ጣት የማይሞላ ቦታ ነው። ፊታቸው በራ። «ይቺማ ምን አላት!» ብለው ሸሚዛቸውን ቆለፉ። ከውስጥ ምን ያህል ሳንባ እንደሚወጣ ግን አልጠየቁኝም። ያ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

የደረት ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ቁስሉን ነው። ምርጫው ግን ሁለት ነው። አንደኛው ሐኪሙ በየት በኩል ይገባል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከገባ በኋላ ምን ያወጣል፣ ምን ይጠግናል የሚለው ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

በየት በኩል ይገባል?

ክፍቱ የቆየው መንገድ ነው። ጎን ላይ ረዘም ያለ ቅድ ይከፈታል። ከዚያ ጎድን አጥንቶቹ በብረት መሣሪያ ይለያያሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ ሳንባውን በእጁ ይዳስሳል፣ ደም ቢፈስ ቶሎ ይደርስበታል። ጉዳቱ ሕመሙ ነው። ቆዳው አይደለም በዋናነት የሚያመው። በእያንዳንዱ ጎድን አጥንት ሥር ነርቭ ያልፋል። ብረቱ አጥንቶቹን ሲለያይ ያ ነርቭ ይጎዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙ ለወራት ይቆያል። ጎኑን የሚያመው ሰው ደግሞ ደፍሮ አይስልም። ካልሳለ አክታው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ትራስ ጎናቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዲት ሳል ለማውጣት የሚታገሉ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ ሕመም ማስታገሻ ቅንጦት አይደለም። ሳንባውን የሚያድነው እሱ ነው።

በካሜራ የሚሠራው በአንድ ወይም በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባል። ጎድን አጥንት አይለያይም። ቫዮሌት የተባለ የብሪታንያ ጥናት 503 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ሁለቱን አነጻጸረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። በካሜራ የተሠራላቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ የተሻለ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሆስፒታል የቆዩት በአማካይ 4 ቀን ነው፤ በክፍቱ 5 ቀን። ሆስፒታል ሳሉ የገጠማቸው ችግርም ያነሰ ነበር። ካንሰሩን ጠርጎ በማውጣት በኩል ግን ካሜራው ከክፍቱ አላነሰም። ገና ያልተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ላለበት ሰው፣ ቡድኑ ከለመደው፣ እኔ ካሜራውን እመርጣለሁ።

ሮቦቱስ? ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ማሽኑ ራሱ አይወስንም። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ማዘዣው ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይመራል። መሣሪያዎቹ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋሉ፣ ምስሉም ጥልቀት አለው። ይህ ጠባብ ቦታ ላይ ለሚሠራ ሐኪም ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በሮቦት የተሠራለት ሰው በካሜራ ከተሠራለት ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖር የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ወጪው ደግሞ ይበልጣል። «ሮቦት አለን» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ሆስፒታል አያስመርጥም።

ክፍቱ አርጅቷል ማለት ግን አይደለም። ዕጢው ትልቅ ሲሆን፣ የደረት ግድግዳ ወይም ትልልቅ የደም ሥሮች ላይ ሲደርስ፣ ወይም በድሮ ሕመም ሳንባው ከግድግዳው ጋር ክፉኛ ሲጣበቅ ክፍቱ ይሻላል። በካሜራ ተጀምሮ መሃል ላይ ወደ ክፍት ሊቀየርም ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ «ተበላሸ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሐኪሙ የሰውየውን ደህንነት ከጠባቡ ቁስል አስቀድሞ ነው። እንዲያውም መቼ ወደ ክፍት እንደሚቀይር በግልጽ የሚነግራችሁን ሐኪም እመኑት።

ምን ያህል ሳንባ ይወጣል?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነው። ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፣ ግራው ሁለት። እነዚህ ክፍሎች ሎብ ይባላሉ። እያንዳንዱ ሎብ ደግሞ ሴግመንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል።

እ.ኤ.አ. በ1933 ኤቫርትስ ግራሃም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሳንባ ካንሰር ለያዘው ሌላ ሐኪም አንድ ሙሉ ሳንባ አወጣለት። ታካሚው ድኖ፣ ከግራሃም ራሱ በላይ ኖረ። ግራሃም የሞተው በ1957 በሳንባ ካንሰር ነው። ዛሬ ሙሉ ሳንባ የሚወጣው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሕይወት በአንድ ሳንባ ከባድ ነውና።

እንግዲህ ለብዙ ሰው ፍልሚያው በሎብ እና በሴግመንት መካከል ነው። ለረጅም ጊዜ ሎቡን በሙሉ ማውጣት ነበር ትክክለኛው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት፣ ትንሽ ብቻ ከተቆረጠ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ አብዝቶ እንደሚመለስ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ሲቲ ስካን ተሻሻለ፣ ዕጢዎችም በትንሽነታቸው መገኘት ጀመሩ። በ2022 የጃፓን ሐኪሞች ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ 1,106 ሰዎችን ውጤት አወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ሴግመንት ከወጣላቸው 94.3 በመቶ፣ ሎብ ከወጣላቸው 91.1 በመቶ ናቸው። እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው ግን በሴግመንት 10.5 በመቶ፣ በሎብ 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናትም 697 ሰዎች ላይ ትንሹ ቆረጣ ከሎቡ እንደማያንስ አሳየ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ሴግመንት ብቻ ማውጣት ብዙ ትንፋሽ ያተርፋል ብለን እናስባለን። በጃፓኑ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ የነበረው የትንፋሽ አቅም ልዩነት 3.5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ደህና ሳንባ ላለው ሰው ይህ በደረጃ ላይ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። ሳንባው በሲጋራ ለተጎዳ ሰው ግን ያቺ ጥቂት ትንፋሽ ዋጋ አላት። ነገ ሌላ ዕጢ ቢመጣም የሚቆረጥ ሳንባ ተርፏል ማለት ነው።

ስለዚህ ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ወደ ሳንባው ዳር ያለ፣ ንፍፊቶቹም ከካንሰር ንጹሕ ከሆኑ ሴግመንት ጥሩ ምርጫ ነው። ከዚያ ከተለቀ ሎቡ ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ግን ንፍፊት ተወስዶ መመርመር አለበት። ይህን ሳያደርግ «ትንሽ ብቻ ቆርጬልሃለሁ» የሚል ሐኪም አላተረፈላችሁም። ቀዶ ሕክምና የማይችል ደካማ ሰው ከሆነ ደግሞ ዕጢው ላይ ያነጣጠረ ጨረር አለ፤ እሱንም ጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከደረት የሚወጣ ቱቦ ይኖራል፤ ጫፉ አልጋው ሥር ካለ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ጋር ይገናኛል። ስትስሉ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ከተንፈቀፈቀ ሳንባው ገና አየር ያፈሳል ማለት ነው። ሴግመንት ላይ ይህ ትንሽ ይበዛል፤ ቆረጣው በሳንባው ሥጋ መሃል ስለሚያልፍ። አረፋው እስኪጠፋ ቱቦው አይወጣም። ስታዩት እንዳትገረሙ አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር

ይህ ከሳንባው ይከብዳል። የምግብ ቧንቧው ተቆርጦ ይወጣል፣ ጨጓራው እንደ ቱቦ ይሰፋና ወደ ላይ ተስቦ ይገጠማል። ሆድም ደረትም ይከፈታል። አንዳንዴ አንገትም ይጨመራል።

በክፍትና በካሜራ መካከል ልዩነቱ እዚህ ይበልጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ 115 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሳንባ ኢንፌክሽን የያዛቸውን ቆጠረ። በክፍት 29 በመቶ፣ በካሜራ 9 በመቶ ሆነ። በ2019 የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ሆዱ በካሜራ፣ ደረቱ በክፍት ሲሠራ ከባድ ችግር ከ64 በመቶ ወደ 36 በመቶ ወረደ። 36 በመቶም ቢሆን ብዙ ነው። ማንም «ቀላል ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት።

መጋጠሚያው የት ይሁን የሚለውም ምርጫ ነው። ደረት ውስጥ ሲሆን ብዙም አያፈስም፤ ካፈሰሰ ግን አደገኛ ነው። አንገት ላይ ሲሆን ማፍሰሱ ይበዛል፣ የድምፅ ነርቭም ሊነካ ስለሚችል ድምፅ ይጎረናል፤ የፈሰሰውን መቆጣጠር ግን ይቀላል። ዕጢው ከላይ ከሆነ አንገቱ ግድ ይሆናል። ከታች ከሆነ እኔ ደረቱን እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮም አስቡት። ምግብ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ሲተኛ ራስጌው ከፍ ይላል፤ ጨጓራው ውስጥ ያለው እንዳይመለስ። እናንተ የምታስታምሙት ሰው በልቶ ወዲያው ልቡ ቢመታበት፣ ቢያልበው፣ ተቅማጥ ቢመጣበት ከተበላው ነገር ብዛትና ፍጥነት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት።

መዋጥ ሲያቅት፤ አካላሲያ

ይህ ካንሰር አይደለም። የምግብ ቧንቧው ታችኛ በር አልከፍት ይላል፤ ምግብም ውኃም ይቆማል። መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ገብቶ በሩን በፊኛ መለጠጥ፣ በካሜራ በሆድ በኩል ገብቶ ጡንቻውን መቁረጥ፣ ወይም በአፍ በኩል ገብቶ ከውስጥ መቁረጥ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመናዊው ሐኪም ሄለር ከሠራው የመጣ ነው፤ በስሙም ሄለር ይባላል። ሦስተኛውን፣ ፖኤም የሚባለውን፣ ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረው።

ፊኛና ሄለር ሲነጻጸሩ ከሁለት ዓመት በኋላ 86 እና 90 በመቶ ተሳካላቸው፤ ልዩነቱ ይህን ያህል የጎላ አይደለም። ፊኛው መደጋገም ሊፈልግ ይችላል፣ ቧንቧውን የመቅደድ አደጋም አለው። ፖኤም ከሄለር ጋር ሲነጻጸር በሁለት ዓመት የተሳካላቸው 83 ለ 81.7 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ቃር ላይ ነው። በሦስተኛው ወር በአሲድ የቆሰለ ቧንቧ የታየባቸው ከፖኤም በኋላ 57 በመቶ፣ ከሄለር በኋላ 20 በመቶ ነበሩ። ሄለሩ ላይ ጨጓራው ታጥፎ መከላከያ ስለሚሠራለት ነው። ሆዴ ላይ ቁስል አልፈልግም ብሎ ፖኤምን የሚመርጥ ሰው የቃር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ለመውሰድ ይዘጋጅ። ቧንቧው ራሱ በኃይል የሚኮማተርበት ዓይነት ከሆነ ግን ፖኤም ይበልጣል፤ ቆረጣው ወደ ላይ ሊረዝም ይችላላ።

ሆስፒታሉን እንዴት ትመርጣላችሁ?

በተለይ ለምግብ ቧንቧ፣ ብዙ የሚሠራ ቦታ የተሻለ ውጤት እንዳለው ከተረጋገጠ ቆይቷል። ስለዚህ መሣሪያውን ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። «ይህንኑ ዓይነት በዓመት ስንት ትሠራላችሁ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የትንፋሽ ምርመራ መሠራቱን፣ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆሙን አረጋግጡ። የትንፋሽ ልምምድ የሚያስተምር ሰው መኖሩንም ጠይቁ።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በአምስተኛው ሌሊት መጋጠሚያው ቢያፈስ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ይመጣል? ስሙን ይንገሯችሁ።