የማይነር ሊግ ቤዝቦል በኤምኤልቢ ቲቪ፦ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ያዋጣል ወይ?

ባሕር ዳር ውስጥ ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው። ስታዲየሙ የጣና ሞገዶቹ፣ የዲኤስቲቪ ቤቶቹ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ናቸው። ቤዝቦል ወደ ከተማው የሚገባው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ሲያትል ባሉ ዘመዶች በኩል ነው። መጀመሪያ ኮፍያው በሻንጣ ይመጣል፣ ቀጥሎ የክለቡ ስም ይለመዳል፣ ቀስ እያለ ደንቡም ይገባል። እዚህ የደረሰ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ኤምኤልቢ ቲቪ ነው። ይህ የአሜሪካ ከፍተኛ የቤዝቦል ውድድር የሆነው የሜጀር ሊጉ የቀጥታ ስርጭት አገልግሎት ከ2023 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተጫዋቾች ወደ ላይ የሚያድጉበትን የማይነር ሊጉን ጨዋታዎችም በዚያው ክፍያ ያሳያል። ፍርዱን ከመነሻው ለመናገር፦ ማይነር ሊጉ ከጣና ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ከሜጀር ሊጉ ይልቅ ጣዕም አለው፤ ግን አንድ እናት ክለብ (ከሥሩ የማይነር ሊግ ቡድኖች ያሉትን የሜጀር ሊግ ክለብ) መርጦና ሰዓት አስልቶ ለገባ ብቻ። ዝም ብሎ ለሚከፍተው መተግበሪያው የስም ጫካ ነው።

ጫካው እንዲህ ይጠረጋል። ሜጀር ሊጉ 30 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ ከሥሩ አራት ቡድኖች ይይዛል፤ ከላይ ወደ ታች ትሪፕል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ሃይ ኤ እና ሲንግል ኤ ይባላሉ። በድምሩ 120 ቡድን ማለት ነው። ከእነዚህ በታች አሪዞናና ፍሎሪዳ ባሉ የልምምድ ማዕከላት የሚካሄዱ የጀማሪ ሊጎች፣ እንዲሁም የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊግ አሉ፤ የእነሱን ምስል ግን መጠበቅ አያስፈልግም። በመተግበሪያው የውጤት ገጽ ላይ ጨዋታዎችን በደረጃ ወይም በእናት ክለብ መለየት ይቻላል። በእናት ክለብ መለየቱ ይሻላል። በደረጃ የሚለይ ሰው በአንድ ሌሊት የማያውቃቸው 30 ቡድኖች ይቆለሉበታል።

ኢንተርኔት ላይ ተለጥፎ የቆየ ዝርዝር ግን አይታመንም። እስከ 2020 ድረስ የቡድኖቹ ቁጥር 160 ነበር። በሜጀርና በማይነር ሊጉ መካከል የቆየው ውል በዚያ ዓመት ሲያበቃ ሜጀር ሊጉ አስተዳደሩን ጠቅልሎ ወሰደው፤ ከ40 በላይ ከተሞች ግንኙነታቸውን አጡ፣ የቀሩት የ10 ዓመት ፈቃድ ተሰጣቸው። ግርግሩ ምን ያህል እንደነበር ለማየት የዋሽንግተን ናሽናልስን ብቻ መመልከት ይበቃል። በ2019 የትሪፕል ኤ ቡድናቸው ካሊፎርኒያ ያለው ፍሬዝኖ ነበር፤ ከዋና ከተማው አገር አቋርጦ ማዶ። ዛሬ ፍሬዝኖ በኮሎራዶ ሮኪስ ሥር ወደ ሲንግል ኤ ወርዷል፤ ናሽናልስ ደግሞ እስከ 2020 የሚኒሶታ ትዊንስ የነበረውን ሮቸስተር ሬድ ዊንግስን ይዘዋል። ትዊንስ በበኩላቸው ከየትኛውም ክለብ ጋር ግንኙነት ያልነበረውን የጎረቤታቸውን የሴይንት ፖል ሴይንትስን ቡድን አስገቡ። ስም መቀያየሩም አላቆመም፦ ባልቲሞር ኦሪዮልስ ሥር ያለው ቦዊ ቤይሶክስ ከ2025 ጀምሮ ቼሳፒክ ቤይሶክስ ነው፤ የአትላንታ ብሬቭስ ደብል ኤ ቡድንም በዚያው ዓመት ከሚሲሲፒ ለቆ ኮሎምበስ ገብቷል። ዝርዝሩ ላይ ፍሬዝኖ ትሪፕል ኤ ተብሎ ከተጻፈ ሌላውን ሳያነቡ መዝጋት ነው።

አብዛኛው አዲስ ተመልካች የሚስተው ግንኙነቱ ራሱ ምን እንደሆነ ነው። ነገሩ የእግር ኳስ ውሰት ይመስላል፤ አይደለም። በውሰት የሄደ ተጫዋች በተቀባዩ ክለብ አሠልጣኝ እጅ ነው፤ አሠልጣኙም ለማሸነፍ ያሰልፈዋል። በማይነር ሊግ ግን ተጫዋቹንም አሠልጣኙንም የሚቀጥረውና ደመወዝ የሚከፍለው እናት ክለቡ ነው። የከተማው ባለቤት ስታዲየሙን፣ ትኬቱን፣ ማልያውንና ምግቡን ይሸጣል። ማን እንደሚሰለፍ፣ ወርዋሪው ስንት ኳስ ወርውሮ እንደሚወጣ የሚወሰነው ከላይ ነው። አራት ዙር ሙሉ ማንም ያልነካው ወርዋሪ በአምስተኛው ላይ ሲቀየር ተመልካች ይናደዳል። የተፈቀደለት ቁጥር ሞልቶ ነው። ቡድኑ ዋንጫ ሊያነሳ ሲቃረብም ምርጡ መቺ በአንድ ስልክ ወደ ላይ ይጠራል። ማሸነፍና መሸነፍን ብሎ የሚከፍል ሰው እዚህ ገንዘቡን ያቃጥላል። የሚታየው ሰው ነው፤ ቡድን አይደለም።

ለዚህ ዲላን ክሩስ ጥሩ ማሳያ ነው። ናሽናልስ በ2023 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በሁለተኛ ምርጫ ወሰዱትና በዚያው ክረምት በሲንግል ኤው ፍሬድሪክስበርግ ተጫወተ፤ ሃይ ኤ ያለውን ዊልሚንግተን ዘሎ ደብል ኤው ሃሪስበርግ ገባ። በ2024 ከሃሪስበርግ ወደ ሮቸስተር፣ ኦገስት 26 ቀን ደግሞ ዋሽንግተን። ፍሬድሪክስበርግ ላይ ዓይኑን የጣለበት ተመልካች ሙሉውን መንገድ በአንድ መተግበሪያ አይቶታል። ሁሉም ግን እንዲህ አይሮጥም። ከአፍሪካ አህጉር ተወልዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜጀር ሊግ የደረሰው ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ ለፒትስበርግ ፓይሬትስ የፈረመው በ2008 ነው፤ የተሰለፈው ኤፕሪል 26 ቀን 2017። ከዚህ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዑጋንዳ የወጣው ወርዋሪ ዴቪድ ማቶማም በዚያው ክለብ መሰላል ላይ ብራደንተን ማራውደርስ በተባለው የሲንግል ኤ ቡድን ተጫውቷል።

በመተግበሪያው የዝውውር ዜና ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳያውቁ መከታተል አይቻልም። ሜጀር ሊጉ ላይ የሚሰለፉት 26 ናቸው፤ የክለቡ ዋና ዝርዝር ግን 40 ሰው ይይዛል። ከ40ዎቹ አንዱ ያለ ሌላ ክለብ ጣልቃ ገብነት ወደ ማይነር ሊግ ሊላክ የሚችለው ለሦስት የውድድር ዘመን ነው፤ በአንድ ዘመን ውስጥም ቢበዛ አምስት ጊዜ። አንዴ ከወረደ መቺ 10 ቀን፣ ወርዋሪ 15 ቀን ታች ይቆያል፤ በተጎዳ ሰው ምትክ ከተጠራ ግን ቀኑ አይጠበቅም። «ለማገገም ተላከ» የሚለው ሌላ ነው፦ ከጉዳት የተመለሰ ኮከብ ለጥቂት ቀን ታች ወርዶ ይጫወታል። መቺ እስከ 20፣ ወርዋሪ እስከ 30 ቀን ይፈቀድለታል። ታዋቂ ስም ሲንግል ኤ ላይ ከታየ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ፤ የባሕር ዳር ተመልካች ዕጣው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አታዞርም፤ አሜሪካ ደግሞ ውድድሩ በሚካሄድባቸው ወራት በሙሉ ሰዓቷን አንድ ጊዜ ወደፊት ገፍታ ትቆያለች። ስለዚህ ልዩነቱ ከመጋቢት እስከ መስከረም አይነቃነቅም፤ ከምሥራቁ ዳርቻ ጋር 7፣ ከምዕራቡ ጋር 10 ሰዓት ነው። ሮቸስተርም፣ ሃሪስበርግም፣ ዊልሚንግተንም፣ ፍሬድሪክስበርግም ምሥራቅ ናቸው። እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 7፡05 የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 8፡05 ነው፤ ሲያልቅ ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል። ዘመዱ ቨርጂኒያ ስላለ ብቻ ናሽናልስን የመረጠ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራ ላይ ያንቀላፋል። ለእሱ የሚተርፈው የእሑዱ የቀን ጨዋታ ነው፤ እዚያ 1፡05 ሲባል እዚህ ከምሽቱ 2፡05፣ እራት በተበላበት። አልፎ አልፎ ለተማሪዎች ተብሎ በሥራ ቀን ረፋድ 11፡05 የሚደረግም አለ፤ እሱ እዚህ ከምሽቱ 12፡05 ይገባል።

የሚመከረው ምዕራብ ነው። ታኮማ ሬይኒርስ የሲያትል ማሪነርስ ትሪፕል ኤ ነው፤ ኤቨረት አኳሶክስ ደግሞ የእነሱው ሃይ ኤ። ሁለቱም ከሲያትል በመኪና ቅርብ ናቸው፤ ሲያትል ደግሞ የሐበሻ አገር ነው። የማታው ጨዋታቸው 7፡05 ሲጀመር እዚህ ከንጋቱ 11፡05 ነው። የጊዮርጊስ ቅዳሴ በሚሰማበት ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት 1፡45 ገደማ ያልቃል፤ ቢሮ 2፡30 የሚገባ ሰው ቁርሱን ጨርሶ ይደርሳል። ታኮማ የሚጫወትበት የፓሲፊክ ኮስት ሊግ ስም ግን አያታልል። ከአሥሩ ቡድኖች በዚህ ሰዓት ክልል ውስጥ ያሉት ታኮማ፣ ሳክራሜንቶ፣ ሪኖና ላስ ቬጋስ ብቻ ናቸው። ሶልት ሌክ፣ አልበከርኪና ኤል ፓሶ አንድ ሰዓት ቀድመው፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ራውንድ ሮክና ሹገር ላንድ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይገባሉ።

ሳምንቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ቡድኖች ከማክሰኞ እስከ እሑድ በአንድ ሜዳ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ፣ ሰኞ ያርፋሉ። ስለዚህ ለማክሰኞ አጥቢያ ማንቂያ መሙላት ከንቱ ነው። ዝናብ ያስቀረው ጨዋታ በማግስቱ ከሌላው ጋር ተደርቦ ሁለቱም ሰባት ሰባት ዙር ይሆናሉ፤ የመጀመሪያውም ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ ስለሚገባ ማታ ከመተኛት በፊት ፕሮግራሙን ማየት ይበጃል።

የዳታው ስሌት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በሰከንድ የሚፈስሰውን ሜጋቢት በ0.45 ማባዛት በሰዓት የሚበላውን ጊጋባይት ይሰጣል። ጨዋታው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቢወስድ 1.5 ሜጋቢት ላይ 1.8 ጊጋ፣ 3 ሜጋቢት ላይ 3.6 ጊጋ፣ 5 ሜጋቢት ላይ 6 ጊጋ ይሄዳል። ለስልክ 3 በቂ ነው። ከዚያ በታች ግን መቆጠብ አይደለም፤ ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ ያዢው ጓንት ለመግባት ግማሽ ሰከንድ አይሞላውም፣ ምስሉ ሲደበዝዝ የሚታየው ዱላ የሚያወናጭፍ ሰው ብቻ ነው። በሞባይል ጥቅል ስድስቱንም ጨዋታ ማየት በሳምንት ከ21 ጊጋ በላይ ስለሚወስድ ይህ የቤት ዋይፋይ ላለው ሰው ነው። ለሌላው የሬዲዮ ስርጭቱ አለ፤ የአብዛኞቹ ቡድኖች በነፃ ይደመጣል፣ ለሙሉ ጨዋታም ከምስሉ እጅግ ያነሰ ዳታ ይበላል።

ክረምት ሲገባ መብራቱም ይታሰብ፤ ሐምሌና ነሐሴ የጣና መብረቅና የውድድሩ ሞቅ ያለው ወቅት አንድ ላይ ናቸው። ራውተሩን ለብቻው የሚይዝ ሚኒ ዩፒኤስ መግዛት ይጠቅማል፤ ከመግዛት በፊት ግን የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቦ ቮልቱን ማረጋገጥ ነው። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ባለ 9 ቮልትም አለ፣ የተሳሳተው ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

የስርጭቱ ጥራት እንደ ደረጃው ነው። ትሪፕል ኤ ላይ ካሜራው ብዙ ነው፤ የኳሱ ፍጥነትና ዓይነትም በቁጥር ይወጣል። ወደ ታች ሲወረድ አንዳንዴ አንድ ካሜራ ብቻ ይቀራል፤ የአስተያየት ሰጪውም ድምፅ የሬዲዮው ራሱ ነው። የሚተላለፈው የባለሜዳው ቡድን ምስል ስለሆነ፣ አንድ ቡድን ሲጓዝ ጥራቱ ድንገት ቢወርድ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ላይሆን ይችላል። ትሪፕል ኤ ሌላም ጥቅም አለው፤ የነገው ደንብ ዛሬ የሚታየው እዚያ ነው። ወርዋሪው በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሰዓት ቆጣሪ በ2022 ማይነር ሊጉን በሙሉ ካዳረሰ በኋላ ነው በ2023 ወደ ላይ የወጣው፤ የሜጀር ሊጉንም ጨዋታ ከሦስት ሰዓት በላይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ አወረደው። ኳሱ በመምቻው ክልል አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለውን የዳኛ ውሳኔ በካሜራ መሞገቱም ትሪፕል ኤ ላይ ለዓመታት ተሞክሮ ነው ለ2026 የጸደቀው።

ክፍያው በዶላር ነው። በ2024 የዓመቱ 149.99 ነበር፤ ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ የሚመዘገብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅናሽ ያገኛል። ተራ የብር ካርድ አይሠራም፤ ለውጭ ክፍያ የተፈቀደለት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል። ዘመድ የሚከፍል ከሆነ ሒሳቡ በተመልካቹ ኢሜይል ይከፈት፣ ክፍያውም በድረ ገጹ ይፈጸም። ዘመድ በራሱ ስልክ የመተግበሪያ መደብር ከገዛው መሰረዝም ማስተካከልም የሚቻለው ከእሱ ስልክ ብቻ ነው። ቪፒኤን ደግሞ ይጥፋ። የማይነር ሊግ ጨዋታ በአካባቢ አይታገድም፤ ሜጀር ሊጉ ግን አሜሪካ ውስጥ የአካባቢ እገዳ ስላለው ቪፒኤኑ ተመልካቹን ቨርጂኒያ ያለ ካስመሰለው የናሽናልስ ጨዋታ ይዘጋበታል።

ትሪፕል ኤ መስከረም ላይ ካለቀ በኋላ ሒሳቡ ውስጥ ገብቶ ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ክፍያ ማጥፋት ያስፈልጋል። ካልጠፋ ቀጣዩ ውድድር ከመከፈቱ በፊት የዘመድ ካርድ ሳይጠየቅ ይቆረጣል።