ጀነሬተር ወይስ ባትሪ? ምድር ቤትን ከክረምት ውሃ ለማዳን

ደሴ ላይ ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል፣ መብራትም አብሮ ይሄዳል። ከምድር ቤቱ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ዝም ይላል። አምና አንድ ጆንያ ጤፍ እንዲሁ ረጥቦብኛል።

ጀነሬተር ቤንዚን እስካለው ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ፓምፕ ደግሞ ሲነሳ ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ሻጩ «ይበቃል» ቢላችሁም ከፍ ያለውን ውሰዱ። ጭሱ ይገድላል፤ ቤት ውስጥም፣ መስኮት ስርም አይቀመጥም። ደግሞስ በዚያ ዶፍ፣ በጨለማ፣ የማስነሻ ገመዱን ማን ወጥቶ ይጎትታል?

ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) ሰው አይጠብቁም፤ መብራት እንደጠፋ ወዲያው ይተካሉ። ችግሩ ቶሎ ማለቁ ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት ሰዓት ነው። 500 ዋት ፓምፕ ሳያቋርጥ ቢሠራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደግነቱ ፓምፑ የሚነሳው ውሃው የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ሲሞላ ብቻ ነው።

እኔ ባትሪውን መርጫለሁ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ወንድሜ ግን ጀነሬተሩን አይለቅም። እዚያ ውሃው ፋታ አይሰጥም።