የበቅሎ መንገድ ላይ ሳይክል፦ ለሞላው ሳይሆን ለጎማው ክፈሉ

ቁም ነገሩን ላስቀድም። ሜሪላንድ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ እና ኦሃዮ) የድሮ የጀልባ ቦይ መንገድ ላይ ሳይክል ልትነዱ ካሰባችሁ፣ ፊትም ኋላም ሞላ ያለውን ውዱን የተራራ ሳይክል አትከራዩ። እኔ ተከራይቻለሁ። ለአንድ ቀን 90 ዶላር ከፈልኩ፣ ወገቤን አመመኝ፣ መጨረሻ ላይ ሳይክሉን እንደ በዓል በግ እየጎተትኩ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጊዜ 300 ዶላር በገዛሁት አሮጌ ሳይክል ሄጄ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ። ቦዩ መቆፈር የጀመረው በ1828 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ የነሱ ነው)። ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይሄዳል፣ ወደ 297 ኪሎ ሜትር። የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ነበሩ የሚመላለሱበት። ጀልባዎቹን የሚጎትቷቸው ደግሞ በቅሎዎች። እኛ ዛሬ ሳይክል የምንነዳበት መንገድ እነዚያ በቅሎዎች ገመድ እየጎተቱ የተመላለሱበት ነው። ዳገት የሌለውም ለዚህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍታው የሚጨምረው 184 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም 74 ቦታ ላይ ተከፋፍሎ። እነዚህን ሎክ ይሏቸዋል። ከድንጋይ የተሠራ ጠባብ ገንዳ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ትልቅ የእንጨት በር አለው። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ሲሞላ ጀልባው ከፍ ይላል፣ የላይኛው በር ይከፈትና ጉዞው ይቀጥላል። ሎክ አጠገብ ስትደርሱ አጭር ዳገት አለች፣ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው። ከዚያ እንደገና ሜዳ።

ታሪኩ ትንሽ ያሳዝናል። የባልቲሞር የባቡር ሐዲድም የተጀመረው በዚያው ቀን ነበር፣ ሐምሌ ወር ላይ በነፃነት በዓላቸው። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ፣ ቦዩ በ1850። ሲደርስ ገበያው ተይዟል። ያም ሆኖ እስከ 1924 ሠርቷል፣ በዚያ ዓመት ጎርፍ መታውና በዚያው ቀረ። በኋላ ላይ የመኪና መንገድ ይሁን ተብሎ ነበር። በ1954 ዊልያም ዳግላስ የሚባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ጋዜጠኞችን «ኑ አብረን በእግራችን እንየው» ብለው መንገዱን ይዘውት ወረዱ። በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ከኋላችሁ ክላክስ የሚነፋባችሁ መኪና ከሌለ ውለታው የሳቸውም ነው።

እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ሜዳ ላይ ሳይክል መንዳት ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ልጁ «የገጠር መንገድ ከሆነ ይሄ ነው የሚሆንህ» ብሎ ያንን ግዙፍ ነገር ሲያወጣልኝ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ደስ አለኝ እንጂ። ሞተር ሳይክል ነው የሚመስለው! የሱቁን ስም አልጠራም፣ ልጁም ክፋት አልነበረውም።

ከስዌይንስ ሎክ ተነስቼ ወደ ላይ እስከ ራይሊስ ሎክ፣ ስድስት ማይል መሄጃ፣ ስድስት መመለሻ። ይሄ ክፍል ለጀማሪ ምርጥ ነው፣ ምክንያቱም ቦዩ ውስጥ አሁንም ውሃ አለ። ኤሊዎች በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ስትቀርቡ ተራ በተራ ጠልቀው ይጠፋሉ። ራይሊስ ሎክ የታነጸበት ቀይ ድንጋይ እዚያው ሴኔካ አጠገብ የወጣ ነው። ዋሽንግተን መሀል ያለው የስሚዝሶኒያን (የሙዚየሞቹ ድርጅት) ቀይ ግንብም ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነው።

ግን ሳይክሉ! ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር የኋላው ሞላ ቁጭ ብድግ ይላል። ግማሽ ጉልበቴን እሱ ይበላዋል። ጎማው ጥርሱ ትልልቅ ስለሆነ በደረቀው ጠጠር ላይ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። እኔ ላቤ እየተንቆረቆረ አንዲት አሮጊት ቅርጫት ባለው የገበያ ሳይክል «ደህና ዋሉ» ብለውኝ አለፉ። በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፣ እኔ ግን እንደ ስድብ ነው የሰማሁት። ስመለስ ፔኒፊልድ ሎክን እንዳለፍኩ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ኮርቻው ስር ያለችውን ቦርሳ ከፈትኩ። ፖምፓ አለ፣ ልጣፍ አለ፣ ማስቲሹ ግን ደርቆ ጠጠር ሆኗል። አገር ቤት ቢሆን አንድ ጥግ ላይ ጎሚስታ አይጠፋም። እዚህ ጫካ ነው። ሦስት ማይል በእግሬ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ የሆኑ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አሁን ታክሲ ይነዳሉ፣ በወጣትነታቸው ጎንደር ሳይክል ይጠግኑ ነበር። ማታ ደረጃው ላይ አግኝቼ አጫወትኳቸው።

«ስንት ከፈልክ?»

«ዘጠና ዶላር፣ ጋሼ።»

«የከፈልከው ለሞላው ነው። ከገደል ልትዘል ነበር እንዴ?»

«ኧረ መንገዱ ሜዳ ነው።»

«ታዲያ ሞላው ምን ያደርግልሃል? ጎማውን ነው ማየት፣ አንተ ልጅ!»

በሳምንቱ አብረን ሄደን አንድ ያገለገለ ሳይክል ገዛን። ሃይብሪድ የሚሉት ዓይነት ነው፣ ግማሹ የአስፋልት፣ ግማሹ የተራራ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ ይሄም ዘሩ ሲጠየቅ የሚያፍር ዓይነት ነው። ግን መንገዱ የተሠራው ለበቅሎ አይደል? ሞላ የለውም። ጋሼ የነበረበትን ቀጭን ጎማ አስወልቀው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ጎማ አስገጠሙለት። ነፋሱንም ጠጠር እንዳይሆን ትንሽ ቀነስ አደረጉት። ንዝረቱን ጎማው ራሱ ይውጠዋል። ፓራፋንጎ ይገጠምለት ሲሉኝ እኔ አያምርም ብዬ እምቢ አልኩ። ይሄን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጉዞ ከፖይንት ኦፍ ሮክስ እስከ ሃርፐርስ ፌሪ፣ 12 ማይል ተኩል ነው አንዱ መንገድ። እዚህ ቦዩ በአብዛኛው ደርቋል፣ ውስጡ ዛፍ በቅሎበታል። ገጠር ነው በቃ። በአንድ በኩል ወንዙ በዛፎቹ መሀል ብልጭ ይላል፣ በሌላ በኩል ሐዲዱ። ፖይንት ኦፍ ሮክስ ላይ ተራራው እስከ ወንዙ ድረስ ስለሚገፋ ማለፊያው ጠባብ ነው፣ ቦዩና ባቡሩ «መንገዱ የኔ ነው» ተባብለው ፍርድ ቤት የተካሰሱትም እዚያ ላይ ነው። ዛሬ የዕቃ ባቡር ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፉርጎው ደግሞ አያልቅም። ጋሼ መቁጠር ጀምረው 90 ላይ ተዉት።

ብራንስዊክ ላይ ለቡና ወጣን። ከተማዋ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ናት። አንድ ካፌ አለ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ። ጋሼ በር ላይ ቆመው ባለ ቀለም መስኮቶቹን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እዚህ ውስጥ ማኪያቶ?» ብለው አልገቡም። ውጭ አምጥቼላቸው ጠጡ። ማኪያቶው ጥሩ ነው፣ እሳቸውም አልካዱም።

ከብራንስዊክ እልፍ እንዳልን የጋሼ የፊት ጎማ ተነፈሰ። እኔ ያለፈው ትዝ ብሎኝ ልቤ ወረደ። እሳቸው ግን ሳይክሉን ገለበጡት፣ የውስጡን ጎማ አወጡና በፖምፓ ነፉት፣ ዝናብ ያቆረው ኩሬ ውስጥ እየነከሩ ቀስ ብለው አዞሩት። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል አውራ ጣታቸውን ጫኑበት። «ይኸውልህ።» በኮታቸው እጅጌ አደረቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ እፍ እፍ አሉበት፣ ለጠፉ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ምሳ በሶ ነው። ሳይክል ለሚነዳ ሰው ከበሶ የተሻለ ነገር አላየሁም፣ ሱቅ ውስጥ በሦስት ዶላር የሚሸጠውን ያንን ማስቲካ የመሰለ የጉልበት ብስኩት ተዉት። ውሃ በመንገዱ ላይ በየጥቂት ማይሉ ድንኳን መትከያ ቦታ ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለ (ማደሩም በነፃ ነው)። ውሃው በአዮዲን ስለሚታከም የሐኪም ቤት ሽታ አለው። በሶው ያንን ጣዕም ይደብቃል። በብርዱ ወራት የፓምፖቹን እጀታ ይነቅሏቸዋል፣ ስለዚህ ከቤት ያዙ።

ሃርፐርስ ፌሪ ከወንዙ ማዶ ነው። ለመሻገር ከሐዲዱ ጎን ባለው የእግረኛ ድልድይ ትሄዳላችሁ፣ ድልድዩ ላይ ለመውጣት ግን እኔ ስሄድ የነበረው ጠምዛዛ የብረት ደረጃ ነው፣ ሳይክል ተሸክሞ። ያ ባለ ሞላ ሳይክል ቢሆን ኖሮ እዚያው ጥዬው እሄድ ነበር። ላይ ስትደርሱ ሼናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር ሲገናኝ ይታያል፣ ሦስት ግዛቶችም በአንድ እይታ። ጆን ብራውን በ1859 ባሪያ አሳዳሪነትን ሊገለብጥ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ከተማ ናት። ሙሉ ቀን ይገባታል፣ እኛ አንድ ሰዓት ነው የሰጠናት።

ቅሬታ? አለኝ። ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን ጠብቁ። አንዳንዱ ቦታ አዲስ ጠጠር ፈሶበት እንደ ምንጣፍ ነው፣ አንዳንዱ ግን ጭቃው ፍሬን ድረስ ይሞላል፣ የዛፍ ሥሩም ያንሸራትታል። ዳር ላይ ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ አትንኩ፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለሽንት ገባ ስትሉ በተለይ ልብ አድርጉ። ደወል ግድ ነው፣ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 15 ማይል ነው፣ እንደ ውድድር የሚበር ሰው ግን አይጠፋም።

እና ፓራፋንጎው። ማታ ስንመለስ ሲልቨር ስፕሪንግ ሽሮ ለመብላት ጎራ አልን። አስተናጋጇ ጀርባዬን አይታ «ውይ ወንድሜ፣ ወድቀህ ነው?» አለችኝ። ከወገቤ እስከ ማጅራቴ አንድ ወፍራም የጭቃ መስመር። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ሽሯቸውን ነው የበሉት። በማግስቱ ገዛሁት፣ 25 ዶላር።

ለመንገዱ ከአምስት አምስት፣ ጭቃውን ጨምሮ። ለሃይብሪዱ አራት ተኩል። ለተከራየሁት ሳይክል ሁለት፣ እሱም ለቀለሙ። ጥቅምት ላይ ፓው ፓው ዋሻ ልንሄድ ነው፣ ተራራ ተበስቶ 950 ሜትር የሚሆን፣ ሳይክሉን እየገፋችሁ በጨለማ የምታልፉበት። ጋሼ ከወዲሁ ሁለት የእጅ ባትሪ ገዝተዋል። አንዱን ለኔ በ90 ዶላር ሊያከራዩኝ እንደሆነ ነግረውኛል።