የሚያምረውን ግንብ ከኋላው እዩት

ይህን የምጽፈው ተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ለምትሠሩ ሁሉ ነው። ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ፣ የትም ይሁን። አፈር የሚይዝ ግንብ፣ ያው «ሪቴይኒንግ ዎል» የምንለውን፣ ልታሠሩ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የእኔን ጉድ ስሙ።

ቦታዬ ቡራዩ ነው፤ ቁልቁለት ላይ። ግቢውን ደልዳላ ለማድረግ በታችኛው በኩል 22 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ አስፈለገኝ። ሦስት ሰው ዋጋ ሰጠኝ። ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ። ሦስተኛው፣ የእቁብ ጓደኛዬ ያመጣው፣ ከእነሱ በሩብ ያነሰ ዋጋ ነገረኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ተመስገን አልኩ።

ሰውየው ምላሱ ማር ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ግንብ እኮ ታንክ አይገፋውም» አለኝ። ውላችን ግማሽ ገጽ ወረቀት ናት። ርዝመት ተጽፏል፣ ከፍታ ተጽፏል፣ ዋጋ ተጽፏል። ውፍረት የለም። የመሠረቱ ስፋት የለም። ከኋላው ምን እንደሚሞላ የለም። ፈርሜ ግማሹን ከፈልኩ።

ግንቦት ላይ ተጀመረ፣ በሦስት ሳምንት አለቀ። አይ ውበት! ጥቁር ድንጋዩ ተጠርቦ፣ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ተኳኩሎ፣ ከፊቱ ከጀርባው ያለውን ውሃ ማውጫ የተባሉ የፕላስቲክ ቱቦዎች በመስመር ተደርድረው። የሰፈር ሰው እየመጣ ፎቶ አነሳው። ቀሪውን ብር ከፈልኩ፤ ምሳም ጋበዝኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከታች የሚኖሩት እማማ አጥሩ ሥር ቆመው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ግንብህ ሆዱ ገፋ ልበል?»

ሳቅሁ። ወርጄ ሳየው ሳቄ ጠፋ። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ውጭ አብጧል። ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስሬ ከጫፉ ቱንቢ ጣልኩ። ሲባጎው ሆዱ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። ከእነዚያ ቱቦዎች ግን ጠብታ አይወርድም። ቀጭን ፌሮ ፈልጌ ወደ አንዱ ሰደድኩ። አንድ ስንዝር ገባና ቆመ። ቀጣዩን ሞከርኩ፤ ስንዝር። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም ስንዝር። ለካ ቱቦዎቹ ግንቡን አልፈው አይሄዱም። በቁራጭ በቁራጭ ተቆርጠው ከፊት የተሰኩ ጌጦች ናቸው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስምንት ሜትር ያህሉ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የእማማ ማድ ቤት ግን አፈር ውስጥ ተቀበረ።

የቀረውን ጉድ ያየሁት ሲነጋ ነው። በሲሚንቶ የተገነባው የፊቱ ድንጋይ ብቻ ነበር። መሃሉ ልቅ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በእጄ እያነሳሁ አስቀመጥኩት። ፊቱን ከጀርባው ጋር የሚያስር ረጅም ድንጋይ አንድም አላገኘሁም። የመሠረቱን ስፋት ለካሁ፤ 80 ሳንቲም። ለድንጋይ ግንብ የተለመደው መነሻ የከፍታው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ነው። ለእኔ ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 ማለት ነው። ሩቡ ዋጋ የት እንደቀነሰ ያኔ ገባኝ።

ከኋላው ደግሞ አንድ አካፋ ጠጠር የለም። ከቁፋሮ የወጣውን ዋልካ መልሶ ሞልቶበታል። ዋልካን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ውሃውንም ቶሎ አይለቅም። ግንብ ጀርባ ላይ የሚሞላው ውሃ የሚያሳልፍ ነገር መሆን አለበት፤ ከግንቡ አጠገብ ጠጠር ወይም ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ጥሩ ገረገንቲ፣ እሱም በየንብርብሩ የተጠቀጠቀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና መሐንዲስ ያማከርኩት ከወደቀ በኋላ ነው። በወረቀት አሰላልኝ። 3 ሜትር ከፍታ ያለውን ግንብ ደህና የሚባል ደረቅ አፈር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 3 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ያው አፈር ውሃ ሞልቶት መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ 6 ቶን ይጠጋል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «የጎረቤቴ አንድ ሜትር ተኩል ግንብ ቆሟል፣ የእኔንም ያው ግንበኛ ይሥራው» ብሎ ነገር አያስኬድም። እኔም ጥፋት አለብኝ። የጣሪያዬ አሸንዳ በቀጥታ ግንቡ ጀርባ ላይ ነበር የሚያፈሰው።

ሰውየውን ደወልኩለት። «ጋሼ፣ የአፈሩ ጸባይ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ይህቺን መልስ እናንተም ትሰሟት ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ግን ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለጥንካሬው ዋስ ነው ይላል። ጉዳቱ ከመሬቱ ጸባይ ቢመጣም እንኳ ተጠያቂ ነው። ዋስትናውን የሚያስቀር ውል ቢፈረምም ዋጋ የለውም። ሕጉ አለ፤ ሰውየው ግን የለም። አድራሻውን አላውቅም፤ የያዝኩት የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቁጥር 2077 ግንባታው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። የእማማን ማድ ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሕግ ባይኖርም እሠራው ነበር፤ ለነገሩ።

አሁን እንደገና እያሠራሁ ነው። አርማታ ላድርገው ወይስ ድንጋይ ብዬ ብዙ ተጨነቅሁ። አርማታው ቦታ ይቆጥባል፣ ፌሮው ግን ኪስ ያራቁታል፤ ያለ መሐንዲስ ሥዕልም አይሞከርም። ጋቢዮን፣ ያ በሽቦ ቅርጫት የሚሞላው ድንጋይ፣ ውሃን በራሱ ያሳልፋል፤ ሰፊ ቦታ ላለው ሰው እኔ እሱን እመርጥ ነበር። የእኔ ግቢ ጠባብ ስለሆነ በመጨረሻ ወደ ድንጋይ ተመለስኩ። በዚህኛው ውል ላይ የመሠረቱ ስፋት፣ የጫፉ ውፍረት፣ የሲሚንቶና የአሸዋው መጠን፣ የጠጠሩ ውፍረት ሁሉ ተጽፏል። ቱቦው በየአንድ ሜትር ተኩሉ ሆኖ ከፊት እስከ ጀርባ ያልፋል፣ ወደ ውጭም ትንሽ ያዘቀዝቃል። መሠረቱን ሳልለካ ድንጋይ አይወርድም። ጀርባውን ሳላይ አፈር አይሞላም። የክፍያው አንድ ክፍል ደግሞ ክረምቱ እስኪያልፍ እኔ ጋ ይቆያል። አንድ ኮንትራክተር ይህን ስነግረው ተነስቶ ሄደ። ይሂድ።

ግንባችሁ ከተሠራ ቆይቶ ከሆነም ነገ ጠዋት አንድ ቀጭን ፌሮ ይዛችሁ ውረዱና ቱቦዎቹን ሞክሩ። ስንዝር ላይ ከቆመባችሁ ሰኔን አትጠብቁ። አሸንዳውን ከግንቡ ጀርባ አርቁ፣ መሐንዲስ ጥሩ፤ ከታች ላለው ጎረቤትም በዚያኑ ቀን ንገሩ።