የነከሰ ኦክሲጅን ሴንሰር ማኒፎልዱ ሳይቀየር ላወጣልን ሜካኒክ

ሳሪስ አካባቢ የሚሠራ አንድ ሜካኒክ ከኮሮላ ማኒፎልድ (የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ የሚያወጣው ብረት) ላይ ለዓመታት ተነክሶ፣ ማለትም ተጣብቆ፣ የኖረ ኦክሲጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው) የቀዳዳውን ጥርስ፣ ማለትም ጠመዝማዛ መስመሩን፣ ሳያበላሽ ፈትቶልናል። እጁ ይባረክ! ሌላ ቦታ «ማኒፎልዱ ካልተቀየረ አይሆንም» ተብሎ ነበር።

ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት መረመረ። ከመኪናው ኮምፒውተር የተነበበው የብልሽት ኮድ ፒ0135 ነው፤ የፊተኛው ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ችግር ማለት ነው። ብዙ ሰው ኮዱን እንዳየ ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። እሱ ግን ፊውዙን አየ፣ ሶኬቱን ነቅሎ የማሞቂያውን ሁለት ገመዶች በሜትር ለካ። ደህና ማሞቂያ እንደየዓይነቱ ከጥቂት ኦም እስከ አሥራዎቹ ያሳያል፤ ይኼኛው ምንም አላነበበም፣ ተቆርጧል።

ዋናው ችግር አፈታቱ ላይ ነው። ሴንሰሩ በየቀኑ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ጥርሱ ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ይሆናል። ጨው ከሚበተንበት የአውሮፓ መንገድ ያገለገለ መኪና ላይ ዝገቱ ይብሳል። የዛገ ቡሎን መፍቻ ዘይት ማታ ቀብቶ አሳደረው። አሮጌው ስለሚጣል ገመዱን ቆርጦ ድፍን ባለ 22 ሚሊሜትር ቡሶላ (ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ) አስገባ፤ ለገመድ ማለፊያ ጎኑ የተሰነጠቀው ቡሶላ ብዙ ጉልበት ሲያርፍበት ይከፈትና ጠርዙን ይልጣል።

ጠዋት ዘይቱን በደንብ ጠረገ (እሳት ሲነካው ይቀጣጠላልና)፣ በጋዝ ብየዳ እሳት ዙሪያውን ያለውን ብረት ቀስ እያለ አጋለ። ሴንሰሩን አይደለም! መስፋት ያለበት ቀዳዳው ነው። ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ አጠበቀ፣ ሲነቃነቅ ሩብ ዙር ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ፣ እንደገና ፈታ። በአንድ ትንፋሽ የሚፈታ ሰው ጥርሱን ይዞት ይወጣል። ውሃም አልረጨም፤ የጋለ ካስት ብረት በውሃ ይሰነጠቃል።

ከወጣ በኋላ የቀዳዳውን ጠመዝማዛ ጥርስ 18 በ1.5 ሚሊሜትር በሆነ ማጽጃ፣ ግሪስ ቀብቶ፣ በእጅ አጸዳው። አዲሱን በኒኬል ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ ነካ አደረገው፣ ጫፉን አላስነካም፤ ፋብሪካው ቀብቶት ከመጣ ደግሞ አይጨመርም። ጥብቀቱ 44 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ሲሊኮን አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ሴንሰሩን ይገድለዋል።

ያገለገለ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር ርካሽ ነው፣ ማሞቂያው ግን ስንት እንደቀረው ማንም አያውቅም፤ ብትገዙም እዚያው በሜትር አስለክታችሁ፣ የሶኬቱን ቅርጽ ከአሮጌው ጋር አስተያይታችሁ ይሁን።

ጋራዡን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንጠቁማለን። መኪናውን ማታ ብታስገቡለት ይሻላል፤ ዘይቱ ማደር አለበት።