ለፒያሳው ሰዓት ሠሪ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ጎንደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው የሚገባ አንድ አባት አሉ። ይህን ጽሁፍ አያነቡትም። ፌስቡክ የላቸውም። ስማቸውንም እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «ሥራውን ንገርልኝ፣ እኔን ተወኝ» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጅቡቲ ነው። እህቴ እዚያ ትኖራለች። እኔ አስጎብኚ ስለሆንኩ ጥምቀት ሳያልፍ ከከተማ መውጣት አይታሰብም። በዓሉ አልፎ እንግዳ ቀነስ ሲል ልጠይቃት ወረድኩ። ሻንጣ ውስጥ መጀመሪያ የከተትኩት የዓሣ ማጥመጃዬን ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳዬ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ ነው። ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል። ጎርጎራ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ስንት ቅዳሜ እንዳሳለፍኩበት ቤተሰቤ ያውቃል።

ለማታውቁት ትንሽ ልበል። በተለመደው ማጥመጃ የሚወረወረው ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ነው። በዚህኛው ግን ጫፉ ላይ ያለው ከላባና ከጸጉር የታሰረ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ ክብደት የሚባል ነገር የለውም። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ክሩን በአየር ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያመላለሱ ይለቁታል። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ ያደገ ልጅ እጁ ቶሎ ይለምደዋል።

ባህር ላይ ሲሆን ሁሉም ነገር ይከብዳል። ነፋሱ ክሩን መልሶ ፊትህ ላይ ይጥለዋል። የክሩ ቁጥር ሲጨምር ክብደቱም ይጨምራል። ለትንንሽ የወንዝ ዓሣ 5 ቁጥር ክር ይበቃል፤ ለባህር ዳርቻ ግን 8 ወይም 9 ቁጥር ይያዛል፣ ለግዙፎቹ ደግሞ 12። ዝንቡም ዝንብ አይመስልም። ሽሪምፕ ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ነው የሚታሰረው። ሰዓቱን የሚወስነው የባህሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ውሃው ሸሽቶ መመለስ ሲጀምር ዓሣው አብሮት ወደ ዳር ይመጣል፣ ምግብ ፍለጋ።

አንድ ጠዋት ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ካራንግ የሚባል የባህር ዓሣ ያዘልኝ። ጅቡቲዎች በፈረንሳይኛ እንዲህ ነው የሚሉት። ቢበዛ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ግን እንዴት አድርጎ እንደሮጠ! ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ጮኸ፣ ወፍራሙ ክር በሙሉ ወጣ፣ ከሥሩ የተጠቀለለው ቀጭኑ መጠባበቂያ ክርም ተከተለ። በዚህ ጊዜ የሚያድንህ የማጠንጠኛው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬኑ ካልተንቀጠቀጠ፣ በልኩ ከለቀቀ፣ ክሩ አይበጠስም። አልተበጠሰም። ዓሣውን አይቼ መልሼ ለቀቅኩት።

ከዚያ ያደረግኩት ጥፋት ነው። ማጠንጠኛውን ሳላጥበው፣ እንደረጠበ በላስቲክ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ጎንደር ገብቼ የፈታሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አልዞር አለኝ። በብሎኖቹ ዙሪያ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር አብቅሏል። ጥቁሩ ቀለም አብጦ ተነስቷል። መዘውሩን ብገፋው፣ ብጎትተው፣ እንደ ድንጋይ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ ጥገና ቤት ነበር። ልጁ አየት አደረገና ፒንሳ አነሳ። በጉልበት ሲጠመዝዘው የብሎኑን ራስ ጨርሶ አበላሸው። «ወንድሜ፣ ይሄ አልቆለታል፣ ጣለው» ብሎ መለሰልኝ። ሆዴን ባር ባር አለው። ለሌላ ሰው ቁራጭ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የስጦታ ዕቃ ነው፣ እዚህ አገር ሱቅ ገብተህ የምትተካውም አይደለም።

ወደ ጋሼ የላከኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። «ሲንጀሬን ከሞት ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው» አለኝ።

ጋሼ ዕቃውን ሲቀበሉ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ገጠሙ። ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ከዚያ ነጩን ዱቄት በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ምላሳቸው ላይ ነካ አደረጉት።

«ጨው አለበት። ከየት አመጣኸው ልጄ?»

«ከባህር ነው ጋሼ። ከጅቡቲ።»

«ታዲያ ይሄ በጉልበት አይከፈትም። ጨው ያሰረውን ውሃ ነው የሚፈታው። ተወውና ሂድ።»

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እኔም በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አጠገባቸው ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ሦስት ቀን ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ጠዋትና ማታ ውሃውን ይቀይራሉ። ከዚያ አደረቁትና በየብሎኑ ሥር በመርፌ ጫፍ ዘይት አንጠባጠቡ፤ እሱንም ሁለት ቀን ተዉት። ለተበላሸው ብሎን በቀጭን መጋዝ ራሱ ላይ አዲስ መስመር አወጡለት። ቀጥሎ የስታኞ ማቅለጫውን አግለው ብሎኑ ላይ አሳረፉት። ቀስ ብለው ካቻቢቴውን ሲያዞሩ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያቺን ድምፅ አልረሳትም።

ለምን እንዳሞቁት ጠየቅኳቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ ይሰፋል። ብሎኑ የማይዝግ ብረት ነው፣ ቤቱ አሉሚኒየም። ሁለቱም ሲግሉ ቤቱ ሰፋ ብሎ ብሎኑን ይለቀዋል። ነጩ ዱቄትስ? ሁለት ዓይነት ብረት ተነካክቶ መሃሉ ጨዋማ ውሃ ሲገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ባህር አይተው እንደማያውቁ የነገሩኝ በኋላ ነው። ይህ እስካሁን ይገርመኛል።

ውስጡ ሲከፈት አንዱ ኩሽኔታ ዝጎ አልቆ ነበር። ዳሩ ላይ ያለውን ቁጥር በማጉያው አነበቡና፣ ከአሮጌ ዕቃ ሳጥናቸው ውስጥ ልኩን ፈልገው አወጡ። ፍሬኑ ደግሞ ክብ ቡሽ ነው። የቀረውን ሁሉ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ሲያጥቡ ቡሹን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። «ይሄ ቤንዚን ከነካው ይደርቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም። ዕቃውን አይተው፣ ዳስሰው ነው ያወቁት። መጨረሻ ላይ ግራሶ ቀብተው ሲገጥሙት በአንድ ጣት ዞረ።

የጠየቁኝ 500 ብር ነው። ጨምሬ ልስጥ ብል አኮረፉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎርጎራ ወርጄ ሞከርኩት። ነጭ ዓሣ ያዘልኝ። ከካራንጉ ጋር አይወዳደርም፣ ግን እሱም ጉልበተኛ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወደ ጥልቁ ሮጠ። ፍሬኑ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። ማታውኑ ሄጄ ነገርኳቸው። «ታጥቧል?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

ባህር የምትወርዱ ካላችሁ ይህችን ከእኔ ተማሩ። ማጠንጠኛውን የዚያኑ ዕለት እጠቡት። ንጹህ ውሃ ቀስ ብሎ ይፍሰስበት። በጎማ በኃይል አትርጩት፤ ጨውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ክሩንም እስከ መጨረሻው ፍቱት። የእኔን ዕቃ የጎዳው ከሥር ተጠቅልሎ የቀረው እርጥብ መጠባበቂያ ክር ነው። ጨዋማ ውሃውን ይዞ እዚያው ቆየ።

ጋሼን ለማግኘት ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ሂዱ። በረንዳ ላይ መስታወት የተገጠመላት ትንሽ ጠረጴዛ አለች፣ ከላይዋ አሮጌ የግድግዳ ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ሰዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስፌት መኪና፣ ካሜራ፣ ለእኛ ለአስጎብኚዎች ደግሞ ዋናው፣ ጭጋግ የገባበት የርቀት መነጽር ይሠራሉ። የማይድነውን አይድንም ይሏችኋል፤ ገንዘብም አይቀበሉበትም። አትቸኩሉባቸው። እሁድና በበዓል አይገኙም። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጠረጴዛቸው ላይ ስለምትሄድ ረቂቅ ሥራ አይጀምሩም።